ሁለተኛው ዓይን

ወይራማ ሚካኤል፣ መጋቢት 5 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለሥርጉት ይርሳው፣
አዲስ አበባ

እንደምን ከርመሻል? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እኅትሽ ወለተ ሐና «ስሟን በጋዜጣ ከማየት ራሷን ባይ ይሻለኝ ነበር በልልኝ» ብላለች። ብያለሁ።

ደብዳቤሽ ቀለም ልገዛ ቡሬ በወጣሁበት ቀን ደረሰኝ። ሰባት ጥያቄ ጻፍሽልኝ። ለአንድ የገጠር ሠዓሊ ሰባት ጥያቄ በዛ፣ መርማሪ እንኳ ይህን ያህል አይጠይቅም። ቢሆንም የሚስቴ ታናሽ ስለሆንሽ፣ በዚያ ላይ ድሮም አፍሽን ስለማልችለው እመልስልሻለሁ።

«ለምን ይሥላሉ?» ላልሽው፣ ሌላ ሥራ ስለማልችል ነው። ሞክሬ ነበር፤ ጋሽ ይርሳው አባትሽ አንድ ቀን ከበሬ ኋላ አቁመውኝ ማሳውን ካዩ ወዲህ «ልጄ፣ አንተ ወደ ቀለምህ» እንዳሉኝ ነው። «ሠዓሊ ግፍን ሊቃወም ይችላል ወይ?» ላልሽው ደግሞ እኔ እንጃ። በላክሽልኝ ጋዜጣ ላይ ተማሪዎቹና የመብት ተሟጋቾቹ ከአንቺ ጋር ያደረጉትን ንግግር አነበብሁት። ደስ ይላል። እኔ እንደነሱ መናገር አልችልበትም፣ የሆነውን ብቻ ልንገርሽ።

በጥር የመሬት ሽግሽጉ መጣ። ገመድ የያዙ ሰዎች ከማንኩሳ ወደ እኛ ወጡና መሬት ለካ ለካ አደረጉ። አባትሽን «ቢሮክራት» አሏቸው። ጋሽ ይርሳው ቢሮክራት! በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ቢታመም አንድ ክረምት ማኅተሙን በኪሳቸው ይዘው ዞሩ፣ ሌላ የሠሩት የለም። «ቢሮክራት ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ «እንጃ፣ በሽታ ሳይሆን አይቀርም» አልኋቸውና ሣቁ። በማግሥቱ ገመዱ በደጃቸው ባለው ማሳ ላይ ሲያልፍ ግን አልሣቁም። አራት ቃዳ መሬት ብቻ ተዉላቸውና የቀረውን ወሰዱት። ምንጩ ያለው በተወሰደው ላይ ነው። አሁን ከብቶቻቸውን ውኃ ለማጠጣት የሰው ደጅ ይጠናሉ።

በዚያ ሰሞን እኔ በመቅደሱ የምዕራብ ግድግዳ ላይ የናቡቴን ታሪክ ጀምሬ ነበር። ንጉሥ አክዓብ የድኻውን ወይን ተመኝቶ፣ ባለርስቱን በሐሰት አስወግሮ የወሰደበትን ታሪክ። መጽሐፉ ስለ ገመድ አያወራም። እኔ ጨመርሁበት። ከወይኑ ዳር ኮት የለበሰ ሰው ገመድ ዘርግቶ ቆሟል። የሽግሽጉን ሰብሳቢ ወንዳወቅን ይመስላል ይሉኛል። ስለ ዓይኑ መቼም አንቺው ታውቂዋለሽ።

ወንዳወቅ ራሱ በየካቲት ሚካኤል መጥቶ አይቶታል። ከተማ ያደገ ሰው ነው፣ እንዲህ ያለውን ማን አስተምሮት! ብዙ ቆሞ አየና «ገመዱን አሳምረኸዋል» አለኝ። ባለፈው እሑድ ደግሞ እንግዶች ይዞ መጥቶ አሳያቸው። ሕዝቡ ከኋላው ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር።

«ይፈራሉ ወይ?» ላልሽው፣ አዎን ብለሽ ጻፊ። «እምቢ ብለው ያውቃሉ?» የሚለውን ሰባተኛውን ጥያቄ ግን ለጊዜው አቆይልኝ። 

ወንድምሽ ያረጋል

*

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ያረጋል፣

ጤና ይስጥልኝ። እትዬ ወለተ ሐናንና አባዬን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በሉልኝ።

ወጣ! ጽሑፉ ወጣ። ያውም ሙሉ ገጽ፤ በግራ የተማሪዎቹ መሪ፣ በቀኝ የቲያትር ተዋናይ፣ መካከል ላይ እርስዎ። አዘጋጃችን ክንፈሚካኤል ሁለት ጊዜ አንብቦ «ይህ ሰው ከሁሉም በላይ ነው» አለኝ። የእኅቴ ባል መሆንዎን አልነገርሁትም። የአባዬንም ስም አላነሣሁም።

ቀለም ፍለጋ ቡሬ ድረስ እንደሚወጡ ስለጻፉልኝ፣ ጥሩ ሰማያዊ ከመርካቶ አግኝቻለሁ፣ ከሦስት ጋዜጣ ጋር በአውቶቡስ እልከዋለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎት። የአዲስ አበባ ሰው ነገሩ እንዲገባው ስለ ዓይኑ ሁለት መስመር ጨምሬበታለሁ። በእርስዎ አነጋገር ነው የጻፍሁት፣ አይቆጡኝም ብዬ። እንዲህ ይላል፦ «በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ሲሣል ደግ ሰው ፊት ለፊት ይሣልና ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ ሰው ግን በጎን ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ገመድ የያዘውን ሰው በአንድ ዓይን የሣልሁት አውቄ ነው።»

ሰው ሁሉ የወደደው ይችኑ ነው። ትናንት ሻይ ቤት ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው ጮክ ብሎ ለጓደኞቹ ሲያነብላቸው ሰማሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርዎት አልችልም።

ፋሲካን እዚያ መጥቼ ብፈስክ እንዴት በወደድሁ። ሥራው አልለቀቀኝም። በጣም እየናፈቅሁዎ

ሥርጉት

*

ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ሥርጉት ይርሳው፣

ጤንነትሽን እጠይቃለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ከፋሲካ በፊት ባለው ማክሰኞ ወደዚህ መጥቻለሁ። ምግብም ውኃም አለ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ስለ ሽግሽጉ ዓላማ ትምህርት ስለሚሰጠን ብዙ ነገር ተረድቻለሁ።

ቀለሙ ደርሷል። ጋዜጣ ከእንግዲህ እንዳይላክልኝ። ጥያቄም እንዳትጽፊልኝ።

መምህሬን ወልደ ሥላሴን ሰላም በይልኝ። ሰሞኑን ብዙ እንደማስባቸው ንገሪያቸው።

ያረጋል

*

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 8 ቀን 1989 ዓ.ም.
በእትዬ ወለተ ሐና እጅ

ጋሼ፣

እንዴት ነዎት ብዬ ለመጠየቅ አፈርሁ። መምህር ወልደ ሥላሴ ካረፉ ስድስት ዓመታቸው፤ ቀብራቸው ላይ አብረን ነበርን። ሙት ሰላም በይልኝ ሲሉኝ ደብዳቤውን ሌላ ሰው አጠገብዎ ቆሞ እንዳጻፈዎት ገባኝ። በፖስታ ከእንግዲህ አልጽፍም።

እትዬ በስልክ የነገረችኝን እኔ በተረዳሁት ልድገመው፣ ከተሳሳትሁ ያርሙኝ። ወንዳወቅ የሚለው፣ እስከ ሰኔ ሚካኤል ድረስ ለሥዕሉ ሁለተኛ ዓይን ከጨመሩለት ይፈታሉ። ካልጨመሩ «ሕዝብ አነሣሥቷል» ተብለው ክሱ ወደ ላይ ይሄዳል። ይኸው ነው አይደል?

እኔ ዝም ብዬ አልተቀመጥሁም። ጠበቃም፣ ተሟጋችም፣ ከዚህ በፊት ያነጋገርኋቸውን ተማሪዎችም አንድ በአንድ ዞሬ አማከርሁ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ አይሣለው። አንድ ሠዓሊ በእሥር ቤት ሆኖ ዓይን አልጨምርም አለ ቢባል አገር ይሰማዋል ይላሉ። እኔም በየሳምንቱ እጽፋለሁ፣ ስምዎ በየሻይ ቤቱ እንዲነሣ አደርጋለሁ። ያኔ ሊነኩዎት ይፈራሉ።

ስለዚህ እለምንዎታለሁ፣ እንዳይሥሉት። እርስዎ እምቢ ካሉ ሌላውም እምቢ ማለት ይማራል።

ብርድ ልብስ ልኬያለሁ። ካፊያው ጀምሯል አሉ።

ሥርጉት

*

ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 21 ቀን 1989 ዓ.ም.

ሥርጉት፣

ደብዳቤሽ በወጥ ዕቃው ክዳን ውስጥ ደረሰኝ። ዘይት ነክቶታል እንጂ ይነበባል። ባይነበብ ይሻለኝ ነበር።

«እንዳይሥሉት» አልሽኝ። ማን ነው እዚህ ያለው፣ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ? ተሟጋቾችሽ ስሜን በሻይ ቤት ያነሡልኛል አልሽ። ያንሡ፤ ከሻዩ ጋር ይስማማቸው። እኛ እዚህ ሠላሳ አንድ ሰዎች ነን፣ የማንኛችንም ስም በሻይ ቤት አይነሣም። አጠገቤ ያለው ገበሬ ገመዱን በማጭድ ቆረጠ ተብሎ ነው የገባው። እሱን ማን ቃለ መጠይቅ አደረገው? እኅትሽ ስንቅ ይዛ በሳምንት ሦስት ቀን በእግሯ ትመላለሳለች። እግሯ አብጧል። ይህን እሷ አልነገረችሽም፣ እኔን ደግሞ «ከጫማው ነው» ትለኛለች።

የደብራችን አለቃ አባ ገብረሰንበት ሐሙስ ዕለት መጥተው ነበር። ሽማግሌው እንደ ሕፃን አለቀሱብኝ። ሥዕሉ ካልተስተካከለ ቤተ ክርስቲያኑ እንደሚዘጋ ነግረዋቸዋል። «ልጄ፣ አንዲት ዓይን ምን አላት? ነጥብ ናት» አሉኝ። መምህሬ ያስተማሩኝ ዓይን በመጨረሻ ተጾሞና ተጸልዮ እንዲሣል ነው። ሥዕሉ የሚያይህ ያኔ ነው ይሉ ነበር። ነጥብ ናት ብለው አላስተማሩኝም። ይህን ለአባ ገብረሰንበት አልተናገርሁም፣ እሳቸውም ያውቁታል።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ምን እንደማደርግ አላውቅም። ጀግና እንድሆንልሽ ከፈለግሽ ሌላ ፈልጊ። እዚህ ጠዋት በሩ ሲከፈትና ስም ሲጠራ ከገበሬው ጀርባ እሸሸጋለሁ። የኔ ስም እንዳይሆን እጸልያለሁ፣ የሌላው ሰው ስም ሲሆን ደስ ይለኛል። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ፣ እወቂኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። መርማሪው ጋዜጣሽን ፊቴ ዘርግቶ ነበር። ከሙሉው ገጽ ሁለት መስመር ብቻ በቀይ አስምሮበታል። ስለነሱ አልጠየቅሁሽም። ልብ በይ፣ አልጠየቅሁሽም።

ያረጋል

*

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 30 ቀን 1989 ዓ.ም.

ጋሼ፣

አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን እመልሳለሁ።

ያ ቃል የእርስዎ አይደለም። እርስዎ የጻፉልኝ «ስለ ዓይኑ መቼም አንቺው ታውቂዋለሽ» ብቻ ነው፤ ደብዳቤውን አውጥቼ ስንት ጊዜ እንዳየሁት። የአገሬው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ ማንም ግን በአፉ የማይናገረውን ነገር እኔ አውጥቼ በእርስዎ አፍ ተናገርሁት። ወንዳወቅ ሥዕሉን አይቶ ወደደው፣ እንግዳ ሁሉ አምጥቶ አሳየበት። ያላየውን ያሳየሁት እኔ ነኝ። የታሰሩ ዕለት ወዲያው ገብቶኝ ነበር። ባለፈው ደብዳቤ ልነግርዎ ጀምሬ ቀደድሁትና በምትኩ «እንዳይሥሉት» ብዬ ጻፍሁ። እርስዎ ጀግና ሲሆኑ የኔ ጥፋት የሚቀልል መስሎኝ ይሆን? ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም።

ወስኛለሁ። ሰኔ 6 ቀን አውቶቡስ ይዤ እመጣለሁ። መርማሪው ፊት ቀርቤ «ይህን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ እሱ አልተናገረም» እላለሁ። ክንፈሚካኤል አበድሽ ወይ አለኝ፤ አንቺም ትታሰሪያለሽ፣ ጋዜጣውም ይዘጋል አለኝ። ይዘጋ። የኔን ስም ሳልጽፍ የሰው ስም እየጻፍሁ ኖሬያለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ የራሴን ልጻፍ።

እንዳይሥሉት ያልሁዎትን ደግሞ ወስጄዋለሁ። ይሣሉት ጋሼ። ይሣሉትና ይውጡልኝ፣ ለእትዬ እግር ሲሉ።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም። መምጣቴን ግን አይከልክሉኝ።

ሥርጉት

*

ወይራማ ሚካኤል፣ ሰኔ 27 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለሥርጉት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ቤቴ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ወለተ ሐና እግሯን ጨው ባለበት ሙቅ ውኃ ዘፍዝፋ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ «ከስታ እንደሆነ ጠይቃት» ትለኛለች። ከስተሻል?

ስልክ ቤት ገብታ «ብትመጪ ዓይንሽን አላይም» ያለችሽ በኔ ትእዛዝ ነው። ክፉኛ እንዳለቀስሽ ነግራኛለች። አሁን ምክንያቱን ልንገርሽ። በገባሁ በመጀመሪያው ቀን መርማሪው ጣቱን በሁለቱ መስመር ላይ አድርጎ «ይህ ያንተ ቃል ነው?» ሲለኝ «አዎን፣ የኔ ነው» ብዬዋለሁ። ፈርሜበታለሁም። አይደለም ብል ቀጥሎ የሚመጣው «ታዲያ የማን ነው?» ነበር። አባትሽ በዚህ ዓመት መሬት ሄዶባቸዋል፣ ልጅ ልጨምርባቸው? ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ሳነበው እውነት ሆኖ ማግኘቴ ነው። አውቄ ነበር የሣልሁት። እኔ የፈራሁትን አንቺ አልሽው፣ ያውም ከኔ አሳምረሽ። ብስጭት ያለኝ በዚህ ነው። ሌላ ጊዜ በአፌ ስትናገሪ አስቀድመሽ ጠይቂኝ እንጂ ይቅር ብዬሻለሁ፤ ካልሁሽም ቆይቷል።

አሁን ወደማያኮራው ነገር ልምጣ። ዓይኑን ሣልሁት።

ሰኔ 9 ቀን ሁለት ዘበኞች ይዘውኝ መጡ። በጎን ባለ ፊት ላይ ሁለተኛ ዓይን አይገባም፣ ስለዚህ የቀድሞውን ፍቄ ፊቱን ወደ ሰው አዞርሁት። አንቺ በላክሽው ሰማያዊ ኮቱን አደስሁለት። ብልኀት አስቤ፣ ተንኮል ሸርቤ እንዳይመስልሽ። ፈርቼ ነው የሣልሁት፣ ቤቴ መግባት አምሮኝ ነው። ያውም አሳምሬ ነው የሣልሁት፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ። ስጨርስ አባ ገብረሰንበት «ተመስገን» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

በሰኔ ሚካኤል ወንዳወቅ አዲስ ጫማ አድርጎ መጣ። ቆሞ ራሱን አየ። ሁለት ዓይን፣ ሙሉ ፊት፣ ቁርጥ እሱን። ደስ አለው። እኔ ከዓምዱ ኋላ ተሸሽጌ ነበር፣ አባትሽ ሲመጡ ይበልጥ ተሸሸግሁ።

ጋሽ ይርሳው በትራቸውን ተደግፈው ሥዕሉን ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ ወንዳወቅ ሄዱና ጋቢያቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡት። ከዚያ እንዲህ አሉ፣ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ፦

«ልጄ ወንዳወቅ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ንስሐ መግባትህን በሚካኤል ቤት አየን። ድሮ አንድ ዓይን ነበረህ፣ ይኸው ዛሬ ከደጋጎቹ ተቆጠርህ። እንግዲህ ምንጩን መቼ ትመልስልኛለህ?»

ወንዳወቅ ሣቅ ብሎ ሄደ። ሰኞ ቢሮው ሲደርስ አባትሽ ከዐሥር ሽማግሌ ጋር በር ላይ ጠበቁት። እጅ ነሥተው፣ መርቀው፣ ስለ ንስሐው አመስግነው «መሬቱን መቼ?» አሉት። ሐሙስ ዕለት አርባ ሰው መጣ። በገበያው ቀን ከማንኩሳ በኩል ያሉትም ሰምተው ተጨመሩ። አንድ ክፉ ቃል የተናገረ የለም። እንዳያስር ምኑን ያስር? ምርቃቱን? አባትሽ ይህን ከልባቸው ይሁን ለሌላ አስበው ልጠይቃቸው አልደፈርሁም። ፊታቸው ላይ እንደሆነ ምንም አይታወቅም፤ ታውቂያቸው የለ።

ነገሩ ከበላዮቹ ጆሮ ገባ። «ሽግሽጉ ስሕተት ነበር ብለህ ንስሐ ገብተሃል ወይ?» ብለው ጠየቁት አሉ። ትናንት ወንዳወቅ አስጠራኝ። የታሰርሁ ዕለት በጥፊ የመታኝ ሰው ወንበር ሳበልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንደ ድሮው አድርገው» አለኝ። አልገባኝም አልሁት። «ዓይኑን አጥፋው። አንዱን ዓይን አጥፋልኝ፣ አለዚያ ወደመጣህበት ትመለሳለህ።»

ሁለት ቀን ጊዜ ስጠኝ ብዬው መጣሁ።

ሥርጉቴ፣ ፈሪነቴን ጽፌልሻለሁ፣ አሁንም ያው ሰው ነኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ደጅ ውሻ በጮኸ ቁጥር ብዕሬን አስቀምጣለሁ። ዓይን ጨምር ሲሉኝ ጨመርሁ፤ ጉዳቱ ለኔ ብቻ ነበርና ቻልሁት። አሁን ግን ያ ዓይን የኔም የወንዳወቅም አይደለም። አባትሽና አርባ ሰው መሬታቸውን የሚጠይቁት እሱን ይዘው ነው። እሱን ካጠፋሁ ከገመድ ያዡ በምን ተለየሁ? መምህሬም ዓይን መሣል አስተማሩኝ እንጂ ማጥፋት አላስተማሩኝም።

ለወለተ ሐና ነገርኋት። እግሯን ከውኃው አወጣች፣ አደረቀች፣ ያንን የላክሽውን ብርድ ልብስ አጣጥፋ በከረጢቱ ከተተች። ከዚያ ተመልሳ እግሯን ዘፈዘፈች።

ነገ ጠዋት ፍኖተ ሰላም እወርዳለሁ። ከሰባቱ ጥያቄዎችሽ አንዱን አቆይልኝ ብዬሽ ነበር፣ «እምቢ ብለው ያውቃሉ?» ያልሽውን። መልሱ ይኸውልሽ። ከዚህ ሁሉ ደብዳቤ ይችን ብቻ አውጪልኝ፦

«ያረጋል ነኝ። ዓይኑን አላጠፋም።»

ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው የራሴ ቃል ነው። ማብራሪያ አትጨምሪበት።

ወንድምሽ ያረጋል